ከሲዲው መያዣ ጀርባ

«ቁጥሯ ከሲዲው መያዣ ጀርባ ላይ አለ።»

ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሦስት ሳምንታችንን በልታለች። ልጆች ነን። ኮልፌ፣ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ ተፋፍገን ተቀምጠናል። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን። አንዱ ለኳስ ነው፣ በግጥሚያ ይከፈልበታል። ሌላኛው ለ«ሌላ ጌም» ነው፣ እሱ ደግሞ በሰዓት። እኛ ለሰዓቱ ሳንቲም እያዋጣን አንዱ ይጫወታል፣ አራቱ ያያሉ፣ አምስታችንም እናዛለን።

ጌሙ ሜታል ጊር ሶሊድ ነው፣ በ1998 የወጣው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ቻሉኝ)። አንድ የታገተ ሽማግሌ አለ። ስኔክ፣ ማለትም እኛ፣ ደርሰን ስናስፈታው ሜሪል የምትባል ልጅ በሬዲዮ እንድናገኝ ይነግረናል። በስንት ቁጥር? ከሲዲው መያዣ ጀርባ ላይ አለ ይላል። እዚያው ላይ ደግሞ ዲስክ መሳይ ነገር ይሰጠናል። እና ያቺን ዲስክ ከዕቃችን መሀል እየመረጥን አየናት፣ ደግመን አየናት፣ ይዘናት ዞርን። ምንም የለም። ወደ ሽማግሌው ተመለስን። ምንም የለም።

ለካ ሰውዬው የሚያወራው ስለ እውነተኛው ሲዲ ነው። ሱቅ ገብተህ ስለምትገዛው፣ በእጅህ ስለምትይዘው የፕላስቲክ መያዣ። ጀርባው ላይ ከታተሙት ትንንሽ የጌሙ ፎቶዎች በአንዷ ላይ ሜሪልና ቁጥሯ ይታያሉ። 140.15።

የኛ ሲዲ ግን መያዣ የለውም። ኮፒ ነው። ነጭ ላስቲክ ውስጥ ገብቶ፣ ላዩ ላይ በማርከር «ሜታል 1» ተብሎ ተጽፎበት ነው የመጣው። ጀርባውን ስታገላብጠው የምታየው የራስህን ፊት ነው።

ያገኘናት በጉልበት ነው። የሬዲዮውን ቁጥር አንድ በአንድ እየቀየርን መደወል ጀመርን። ከ141 ምናምን ተነስተን ወደ ታች። ከ140 ብንነሳ ኖሮ ወዲያው እናገኛት ነበር፣ ግን ማን ያውቃል። አንዱ ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጽፋል፣ አንዱ ይደውላል። ሜሪል ስታነሳ የተጯጯህነው ጩኸት ኳሱ ጋ ያሉትን ልጆች ጨዋታ አስቁሟል።

ይሄን የማነሳው ባለፈው ከጓደኞቼ ጋር የገጠምኩት ክርክር አልለቀኝ ብሎ ነው። ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠን አንዱ «የዘንድሮ ጌም ማስደነቅ አቁሟል፣ ግራፊክስ ብቻ ነው» አለ። ሁላችንም በአንዴ ተስማማን። በአንዴ ስለተስማማን ጠረጠርኩ። እኛ በአንድ ነገር ስንስማማ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ዕድሜያችን ነው።

ቢሆንም ነገሩ ውስጥ እውነት የለም አልልም። መጀመሪያ ግን ሳይኮ ማንቲስን ልጨርስ፣ ካላወራሁት ይቆጨኛል።

እዚያው ጌም ውስጥ ትንሽ ራቅ ስትል ጭንብል ያጠለቀ፣ አየር ላይ የሚንሳፈፍ ሰውዬ ይመጣል። አእምሮህን አነባለሁ ይላል። የሚያነበው ጨዋታህ ሴቭ ሆኖ የሚቀመጥበትን ሜሞሪ ካርድ ነው። የዚያው ኩባንያ የኮናሚ አንዳንድ ጌሞች ሴቭ ከተደረጉበት በስማቸው እየጠራ «ይሄን ትወዳለህ» ይልሃል። ሴቭ የምታበዛ ወይም የማታበዛ መሆንህን ይነግርሃል። ከዚያ ጆይስቲክህን መሬት ላይ አስቀምጥ፣ በሐሳቤ ኃይል አንቀሳቅሰዋለሁ አለ። አስቀመጥን። ጆይስቲኩ እየተንቀጠቀጠ በሲሚንቶው ላይ ይንፏቀቅ ጀመር። ከኋላ «በስመ አብ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እያላገጠ አልነበረም።

ውጊያው ተጀመረ። ድንገት ስክሪኑ ጨለመ። ጥግ ላይ በአረንጓዴ «ሂዴዎ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ቀረ። ቴሌቪዥን ገመዱ ሲላቀቅ የሚያሳየውን «ቪዲዮ» የሚለውን ጽሑፍ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ሂዴዎ ደግሞ የጌሙ ፈጣሪ የሂዴዎ ኮጂማ ስም ነው። ይሄን ያወቅነው ግን ከዓመታት በኋላ ነው። ያን ቀን ቤቱን የሚጠብቀው ልጅ ተነስቶ መጣና ቴሌቪዥኑን እንደ ልማዱ በጎኑ በመዳፉ ጠፈጠፈው። ሥዕሉ ተመለሰ። «ይኸው!» አለና ሄዶ ቁጭ አለ። እስከ ዛሬ ያስተካከለው እሱ ይመስለዋል።

ማንቲስን ግን መምታት አልተቻለም። ሐሳብህን ስለሚያነብ የምትተኩሰውን ሁሉ ያመልጣል። ብዙ ጊዜ ከሞትን በኋላ የስኔክ አለቃ፣ ኮሎኔሉ፣ በሬዲዮ መላ ነገረን። እንግሊዝኛ የሚችል አሥረኛ ክፍል የደረሰ አንድ ልጅ አብሮን ነበር፣ ደጋግሞ አዳመጠና «ጆይስቲኩን ነቅላችሁ ሁለተኛው ላይ ሰኩት ነው የሚለው» አለ። አላመንነውም። ደግሞም ግድግዳው ላይ «ገመድ መንካት ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፏል። የቤቱ ትልቁ ሕግ ነው፣ ከ«ዱቤ የለም» በላይ። አንዱ ጠባቂውን በወሬ ያዘው። ሌላው ነቀለና ሰካ።

ሰውዬው አእምሯችንን ማንበብ አቃተው።

አሁን ልብ በሉ። ይሄ ሁሉ የሆነው ሁለት ሲዲ ላይ በተጻፈ፣ የሰዎቹ ፊት ዓይንና አፍ እንኳን በቅጡ በሌለው ጌም ነው። የሚያስደንቀው ግራፊክሱ አልነበረም። ጌሙ ከስክሪኑ ወጥቶ ገመዱን፣ ሲሚንቶውን፣ ኪሳችን ያለውን ሲዲ ነካ። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እንዳናውቅ።

እንዳናውቅ ማድረግ ደግሞ ያን ጊዜ ቀላል ነበር። ኢንተርኔት የለም። መጽሔት የለም። ያለው የሰፈር ወሬ ነው።

የሰፈር ወሬ ካልን በ2004 የወጣው ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ መምጣት አለበት። እኛ ጋ ትንሽ ቆይቶ ነው የደረሰው፣ ከፕሌይስቴሽን 2 ጋር። አንድ ልጅ ነበር፣ ከላይ ሰፈር የሚመጣ፣ ውሸታም። የአክስቱ ልጅ ውጭ ነው፣ አጎቱ ፓይለት ነው፣ እንደዚህ ዓይነት። ይሄ ልጅ ከተወሰነ ሳምንት ልዩነት ጋር ሁለት ነገር ነገረን። አንደኛው፣ ቺሊያድ የሚባለው ተራራ አካባቢ ጫካ ውስጥ ሌሊት በጉም መሀል ቢግፉት ይታያል፣ ሁለት እግር ያለው ጸጉራም ግዙፍ ነገር። ሁለተኛው፣ በረሃው ውስጥ የጦር ሠፈር አለ፣ እዚያ ገብተህ ጀርባህ ላይ አዝለኸው የምትበርበት ማሽን ትሰርቃለህ።

ሁለተኛውን ሳቅንበት። የመጀመሪያውን አመንነው።

ቢግፉት ፍለጋ ያወጣነው ብር ቢሰበሰብ የራሳችንን ፕሌይስቴሽን ባንገዛም ጆይስቲክ እንገዛ ነበር። መኪና አቁመን፣ እስኪመሽ ጠብቀን፣ በእግር ጫካ እንገባለን። ድምፅ እንቀንሳለን። ጉሙ ውስጥ የዛፍ ጥላ ሲወዛወዝ አንዱ «ያውና!» ይላል። በዚያ ሰዓት ሆዴ ውስጥ ይሰማኝ የነበረውን ነገር ሆረር ተብሎ የተሠራ ጌም እንኳን አልሰጠኝም። ቢግፉት ግን አልነበረም። ሠሪዎቹ ጭራሽ አላስገቡትም። ጫካውንና ጉሙን ብቻ ነው የሠሩት፣ ቀሪውን እኛ ሞላነው።

በራሪው ማሽን ደግሞ እውነት ሆኖ ተገኘ። አንድ ቅዳሜ አንዱ ጎረምሳ ሴቭ ይዞ መጣና እያየነው አዝሎ በረረ። ውሸታሙ ልጅ አጠገባችን ቆሞ ነበር። ምንም አላለም፣ ዞር ብሎ ብቻ አየን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያወራውን በሙሉ ማጣራት ግዴታ ሆነብን።

እኔ አሁን የሚጎድለኝ ይሄ ይመስለኛል። ያ ልጅ። እውነቱም ውሸቱም ከአንድ አፍ ነበር የሚወጣው፣ በሰማህበትና ባረጋገጥክበት መካከል ደግሞ ሳምንታት ነበሩ። ጌሙ የሚያድገው በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ነው፣ ሳትጫወተው፣ ክፍል ውስጥ ሒሳብ እየተማርክ። አሁን ያ ልጅ ቢመጣ አፉን ሳይዘጋ ስልክ ይወጣል።

የቢግፉት ነገር መጨረሻው ሲያሳዝን። በ2013 ጂቲኤ 5 ሲወጣ ሠሪዎቹ ወሬውን ሰምተው ኖሮ ቢግፉትን አስገቡት። ጌሙን መቶ በመቶ ስትጨርስ አንድ አዳኝ ታገኛለህ፣ አብረኸው ታሳድደዋለህ፣ በመጨረሻም ልብስ ያጠለቀ ሰው ሆኖ ይገኛል። ጥሩ ቀልድ ነው፣ ሳቄ መጥቷል። ግን ሚሽን ነው፣ ጌሙ ሥራ ብሎ የሚሰጥህ። ዝርዝር ውስጥ አለ። ስትጨርስ «ተሳክቷል» ብሎ ይጽፍልሃል። ተሳክቷል የሚል ቢግፉት ምን ያደርጋል?

ዓለም ላይ ያሉ ተጫዋቾች ሁሉ አንድ አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ ምን እንደሚሆን ያየነው በ2014 ነው። ነሐሴ ላይ ኮጂማ ራሱ ፒ.ቲ. የምትባል ትንሽ አስፈሪ ጌም በፕሌይስቴሽን በነፃ ለቀቀ፣ በሌለ ስቱዲዮ ስም። አንድ ኮሪደር ብቻ ናት፣ ጨርሰህ ስትወጣ እዚያው የምትመልስህ። የመጨረሻዋ እንቆቅልሽ በጣም ከባድ ስለነበረች ሰዉ ቀናት ይፈጅበታል ብሎ አስቦ ነበር። በሰዓታት ውስጥ ተፈታች፣ መጨረሻዋ ላይ የተደበቀው የአዲሱ ሳይለንት ሂል (የታወቀ አስፈሪ ጌም ነው) ማስታወቂያም ወጣ። እኛ አምስት ሆነን ለ140.15 ሦስት ሳምንት ፈጀን፣ መቶ ሺዎች ሆነን ብንደውል ማኪያቶ ሳይቀዘቅዝ ትገኝ ነበር።

በነገራችን ላይ ተቃራኒውም ሆኗል። በ2009 የወጣው ባትማን አርካም አሳይለም ውስጥ፣ የወህኒ ቤቱ አለቃ ቢሮ አንድ ተራ ግድግዳ አለ። ምንም ምልክት የለውም። ፈንጂውን ደጋግመህ ስታፈነዳበት ይከፈትና የሚቀጥለው ጌም፣ የአርካም ሲቲ፣ ንድፍ የተሰቀለበት ክፍል ታገኛለህ። ማንም አላገኘውም። ሠሪዎቹ ጠብቀው ጠብቀው ሲሰለቻቸው ራሳቸው ተናገሩ። ይሄን ሳስብ ሁሌ የሚያስቀኝ፣ ስንት ስብሰባ ላይ «እስካሁን አላገኙትም እንዴ?» እንደተባባሉ ነው።

ወደ ዘንድሮው ልምጣ። ባለፈው ክረምት አንድ ትልቅ፣ ስሙን የማልጠራው ጌም 60 ሰዓት ሰጥቼ ጨረስኩ። ቆንጆ ነው። ሣሩ እንኳን ተቆጥሮ የተተከለ ነው የሚመስለው። ከፍ ያለ ቦታ ትወጣለህ፣ ማፑ ይከፈትና በምልክት ይሞላል፣ ልክ ጤፍ እንደተበተነበት። እያንዳንዷ ጥሬ የምትሠራ ነገር ናት። የሚወጣው ገደል ቢጫ ቀለም ተቀብቷል፣ እንዳትሳሳት። እንቆቅልሽ ፊት ትንሽ ቆም ካልኩ የራሴ ገጸ ባሕርይ «ያንን ሳጥን ብገፋው ኖሮ…» ይልልኛል። ዝም በለኝ እንጂ ሰውዬ! እንደ ትጉ ሠራተኛ 60 ሰዓት ሠራሁ። ክው ያልኩበት አንድም ሰዓት አላስታውስም።

ለምን እንደዚህ ሆነ ቢባል ሠሪዎቹ ሰንፈው አይመስለኝም። ገንዘቡ ነው። በ2023 ማይክሮሶፍት ጌም ሠሪውን አክቲቪዥንን ሊገዛ አሜሪካ ፍርድ ቤት ሲቆም የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ አንድ ሰነድ አቀረበ። ምስጢራዊ ቁጥሮቹ በማርከር ተሰርዘዋል። ችግሩ ወረቀቱ ስካን ሲደረግ ከማርከሩ ሥር ያለው ይነበብ ነበር። ጌሞቹን ለመሥራት የወጣው ገንዘብ ነው፦ ዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል ሁለት 220 ሚሊዮን ዶላር፣ ሆራይዘን ፎርቢደን ዌስት 212 ሚሊዮን ዶላር። (የዚያን ዓመት ትልቁ የተደበቀ ነገር ግኝት ይሄ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።)

እና 220 ሚሊዮን አውጥተህ ከመቶ ሰው አንዱ ብቻ የሚያየው ክፍል ትሠራለህ? ያ ክፍል የሰው የስድስት ወር ደመወዝ ነው። ሂሳብ የያዘው ሰውዬ «ማንም ካላየው ለምን ሠራነው?» ሲል መልስ የለህም። ቢጫ ቀለሙ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ከመውጣቱ በፊት ሰዎችን ጠርተው ያስጫውታሉ፣ አንዱ መንገድ ጠፍቶት ሁለት ደቂቃ ሲዞር ያያሉ፣ ቀለም ይቀባሉ። ደግሞም አሁን ተጫዋቹ የት ደርሶ እንዳቆመ ያውቃሉ። ጌሙ በሚሰጥህ ሽልማት፣ ትሮፊው ላይ እኛም እናየዋለን፣ ይሄን ያህል በመቶው ሰው ብቻ ነው የጨረሰው ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ለመሸጥ ትሬለር ይወጣል፣ ቀጥሎ ሁለተኛ ትሬለር፣ ቀጥሎ የ15 ደቂቃ ማሳያ፣ እና ጌሙ እጅህ ሲገባ የሠርጉን ቪዲዮ አይተህ ሠርጉ ላይ እንደመሄድ ይሆናል።

የኳሱን ነገር አልነካውም ብዬ ነበር። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል አይደል? የኳሱ ጌም በየዓመቱ መስከረም ላይ ይወጣል፣ ያለ ምንም ጉድ። ግን እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። እዚያ የሚያስደንቅህ ኩባንያው ሳይሆን አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ነው፣ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ቡድን ይዞ የሚያዋርድህ።

እስከዚህ ጋ ጓደኛዬ ትክክል ነው። ግን ክርክሩ ላይ ዝም ያልኩት አንድ ነገር ስላስታወስኩ ነው። ሊፍት።

ኤልደን ሪንግ፣ የካቲት 2022። በጣም ተጠብቆ የነበረ ጌም ነው፣ ትሬለሩን ሁሉ አይቻለሁ። ገና መጀመሪያው አካባቢ፣ ምሥራቅ በኩል ጫካ ውስጥ፣ ክብ የድንጋይ ቤት አለች። ትንሽ ናት፣ ከውጭ ስትታይ የወፍጮ ቤት ታክላለች። ውስጧ ሊፍት ነው። ቆምኩበት። መውረድ ጀመረ። እሺ፣ ዋሻ ነው፣ ጥቂት አይጥ፣ አንድ ሳጥን፣ ብዬ አሰብኩ። መውረዱን ቀጠለ። ስልኬን አየት አድርጌ መለስኩ። አሁንም እየወረደ ነው። እንግዲህ የተበላሸ መሰለኝ፣ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። አሁንም። ከዚያ ግድግዳው አለቀና ተከፈተ፣ ከመሬት በታች፣ ሰማይ። ኮከብ የሞላበት ወይን ጠጅ ሰማይ፣ ከሥሩ የፈራረሰ ከተማ፣ ወንዝ። አፌን ይዤ ቀረሁ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው፣ ቤት ውስጥ ሰው ተኝቷል፣ የምነግረው ሰው የለም። ማፑ ላይ ምልክት አልነበረም። ማንም ሂድ አላለኝም። ወደዚያ ጫካ ባልታጠፍ ኖሮ ሳላየው ለረጅም ጊዜ እቆይ ነበር፣ ሠሪዎቹም ሳላየው ብቀር ግድ አልነበራቸውም።

ይሄ «ግድ የለኝም» ነው ቁልፉ። የሊፍቱ ርዝመት ራሱ ድፍረት ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን «ተጫዋቹ ይሰለቻል» ተብሎ ይቆረጥ ነበር።

ኒንቴንዶም በ2023 ተመሳሳይ ነገር አደረገ። የዜልዳው ቲርስ ኦፍ ዘ ኪንግደም ሲተዋወቅ በአብዛኛው ስለ ሰማይ ላይ ደሴቶች ሲያሳዩን ከረሙ። ጌሙ ሲወጣ ከምድሩ በታች ሌላ ጨለማ ዓለም ተዘርግቶ ተገኘ፣ ስፋቱ ከላይኛው ጋር የሚወዳደር። ይህን ሁሉ ሠርተህ በማስታወቂያ ዝም ማለት! አንድ ጓደኛዬ ቤት ሄጄ ነው ያየሁት፣ ጉድጓዱ ውስጥ ዘሎ ሲገባ መሬት አልደርስ ሲለው ጆይስቲኩን አጥብቆ ይዞ «ምንድን ነው ይሄ፣ ምንድን ነው ይሄ» ይል ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት።

አኒማል ዌልን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። በ2024 የወጣ፣ ቢሊ ባሶ የሚባል አንድ ሰው ሰባት ዓመት ገደማ የሠራው ጌም ነው። መጠኑ 40 ሜጋባይት አይሞላም። ቴሌግራም ላይ የሚላክ የሠርግ ቪዲዮ ይበልጠዋል። ትጨርሰዋለህ፣ ከዚያ ከሥሩ ሌላ ንብርብር አለ፣ ከሱም ሥር ሌላ። የወደድኩት ምን መሰላችሁ፣ ሠሪው ኢንተርኔቱን አልሸሸውም። አንዱ እንቆቅልሽ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የተለያየ ቁራጭ ነው የሚሰጠው፣ 50 ቁራጭ ካልተሰበሰበ አይፈታም። ብቻህን ፈጽሞ አይሆንም። የግድ ሌላውን ሰው «አንተ ጋ ምን ወጣ?» ብለህ መጠየቅ አለብህ። አግዳሚው ተመለሰ ማለት ነው፣ ትንሽ ረዝሞ።

ስለዚህ ጌሙ አልሞተም። ትልቁ ገንዘብ ያለበት ቦታ ላይ ፈሪ ሆኗል፣ ያም ሁሉም ጋ አይደለም። ታዲያ ለምን ሁላችንም በአንዴ ተስማማን?

ከዕድሜ አንሸሽም። እኔ አሁን አንድ ክፍል ገብቼ ጥይትና መድኃኒት ተዝረክርኮ ካየሁ ከበሩ ጀርባ ትልቅ ቦስ፣ ማለትም ዋና ጠላት፣ እንዳለ አውቃለሁ። ሰፈር ውስጥ ድንኳን ሲተከል ወይ ሠርግ ነው ወይ ለቅሶ፣ መጠየቅ አያስፈልግም፣ እንደዚያ ነው። ደግ የሚመስል ሽማግሌ መንገድ ሲያሳየኝ ከሃዲ ነው ብዬ እጽፈዋለሁ፣ ከአሥሩ ስምንቱን አገኛለሁ። ይሄ የጌሙ ጥፋት አይደለም። ሃያ ዓመት አንድ ዓይነት ወጥ ስትበላ ሽታው ላይ ጨው እንደጎደለው ታውቃለህ።

ሌላም አለ፣ እሱን ማመን ከብዶኝ ነበር። እኔ ራሴ ነኝ የማየው። ማንም ሳያስገድደኝ ትሬለሩን ከፍቼ አያለሁ። መንገድ ሲጠፋኝ አሥር ደቂቃ እንኳን ሳልቆይ ስልኬን አነሳለሁ፣ ምክንያቱም ሁለት ሰዓት ብቻ ነው ያለኝ፣ ነገ ሥራ አለ፣ በመጥፋት ላላባክነው። ልጅ እያለን ሰዓቱ በብር ነበር፣ ግን ስንጠፋ አባከንን ብለን አናውቅም።

የእህቴ ልጅ 12 ዓመቱ ነው። ማንኛውንም ጌም ከመጀመሩ በፊት ሌላ ሰው ሲጫወተው ዩቲዩብ ላይ ያያል። እስከ መጨረሻው። ከዚያ ይጫወታል። «ታዲያ ምኑ ይጥምሃል?» አልኩት። «እንዳልሸወድ ነዋ» አለኝ። መሸወድ ነበር እኮ ደስ የሚለው ልለው አስቤ ተውኩት። እንደዚህ ዓይነት ነገር ለልጅ ሲነገር ሽማግሌ ያስመስላል።

በቀደም ለትንሣኤ እኛ ቤት መጥተው ሲያድሩ አንድ ነገር ሞከርኩ። አውተር ዋይልድስን ከፈትኩለት፣ የ2019 ጌም ነው። (ካልተጫወታችሁት እዚህ ጋ አቁሙ። የመጀመሪያዎቹን 22 ደቂቃዎች ብቻ ነው የምነግራችሁ፣ እነሱም ግን የናንተ ናቸው።) ውል ገባን። ስልኩን እናቱ ትይዛለች፣ እሱ ከእራት በፊት እስከፈለገው ይጫወታል። ሊያለቅስ ትንሽ ቀረው፣ ግን ተስማማ።

ጥድ የሞላባት አንዲት ትንሽ ፕላኔት ላይ፣ የካምፕ እሳት አጠገብ፣ ወደ ሰማይ እያየህ ትነቃለህ። መንኮራኩር አለህ። የት ሂድ፣ ምን አድርግ የሚልህ የለም። ይሄ መጀመሪያ አናደደው። «ሚሽኑ የታለ?» አለ። «እንጃ» አልኩት። መንደሩን ዞረ፣ ከሰዎቹ ጋር አወራ፣ መነሻ ኮዱን ተቀበለ። ተነሳና ዛፍ ገጨ። ደግሞ ተነሳ። ጨረቃዋ ላይ አረፈ፣ በጎኑ፣ አንድ እግሩን ሰብሮ። ወርዶ መራመድ ጀመረ። እየዘለለ፣ ስበቷ ትንሽ ስለሆነ ከፍ ብሎ ሲንሳፈፍ መሳቅ ጀመረ።

እኔ ሰዓቱን አያለሁ። አውቃለሁ።

ሙዚቃው መጣ። ቀስ ያለ፣ ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል። መሳቁን አቆመ። ዞር ዞር አለ።

«ጋሼ፣ ፀሐይዋ ቀላች። ትልቅም ሆነች። ኖርማል ነው?»

«ኖርማል ነው» አልኩት።

ፀሐይዋ ወደ ውስጥ ተሰበሰበች። ነጥብ አከለች። ከዚያ ፈነዳች፣ ሰማያዊ ብርሃን ሆና ስክሪኑን ሞልታ እየሰፋች መጣች። ጆይስቲኩን ይዞ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ሶፋው ላይ፣ በአካሉ። ሁሉም ነጭ ሆነ። ከዚያ ጨለመ።

የካምፕ እሳት። ያው ሰማይ። ያው ጥድ። እሳቱ ዳር ያው ሰውዬ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ተቀምጦ።

አፉ ክፍት ነው። ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ምን ሆኖ ነው? ሞትኩ?»

«እኔ ምን አውቄ» አልኩት።

እጁ ወደ ኪሱ ሄደ። ባዶ ነው።